የሰባቱ እህትማማቾች ፊት

ሰው የገዛ ጀርባውን ቢያየው ያውቀዋል?

ይህ ጥያቄ ለኦዲል ቴክሲዬ ድንገት የመጣባት በአንድ የመጋቢት ጠዋት ነው። በሴቶች ትምህርት ቤቱ መስኮት በኩል፣ ሁለት በሬ የሚጎትተው ጋሪ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ሣጥን ጭኖ ከባቡር ጣቢያው ወደ ብሪዮል ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ አየች። በሣጥኑ ጎን ላይ የሠዓሊው ስም በጥቁር ቀለም ተጽፏል፦ ዱሎር። ስሙን ስታነብ በእጇ የያዘችው ጠመኔ ተሰበረ። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከንቲባው ሙሴ ላርደን ለከተማይቱ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ እንዲሰጥ ፓሪስ ላሉት እንደራሴ ደጋግመው ጽፈው ነበር። መንግሥት ደግሞ ከታላቁ ዓመታዊ የሥዕል ትርኢት ብዙ ሸራ ይገዛና መስቀያ ግድግዳ ሲያጣ ለገጠር ከተሞች ያድላል። እንግዲህ ብሪዮል ውኃ ለምና ከዋክብት ደረሷት። የሥዕሉ ርእስ «ሰባቱ እህትማማች ከዋክብት ከባሕር ሲወጡ» ይላል። ሰባት ሴቶች፣ ቁመታቸው የሰው ቁመት የሆነ፣ በጨለማ ሰማይ ላይ እየተጠማዘዙ ይንሳፈፋሉ። በሰባቱ መካከል የመሐረብ ያህል ጨርቅ እንኳ የለም።

ኦዲል ይህን ሁሉ ሣጥኑ ሳይከፈት ታውቀዋለች።

ልጅነቷን ገና ሳትጨርስ የመምህርነት ፈቃድ ለማውጣት ፓሪስ ሄዳ ነበር። ያስጠጓት አጎቷ በትምህርቷ መሀል ሞቱባትና ያን የብርድ ወራት በሙሴ ዱሎር የሥዕል ቤት እየተከፈላት ለሥዕል ቆማ አሳለፈች። ቆማ ይባል እንጂ ተንጠልጥላ ነው። ከዋክብት ይበርራሉና እሷም እንድትበር በብብቷ ስር ሰፊ ጠፍር አግብተው ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቀሏት፤ ቀኝ ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ፣ የእጅ አንጓዋን ወደ ኋላ ሰብራ። ሠዓሊው አንዷን ሲጨርስ ወደ ጎን ያዞራታል፤ ያችን ሲጨርስ ጀርባዋን ያስመልሳታል። በዚህ አኳኋን ሰባቱም ከእሷ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሲከብድ ቀኝ ትከሻዋን ያማታል።

ፊቷን ግን አልፈለገውም። ከመደርደሪያው ላይ ከጥንት ሐውልት የተቀዳ የጀሶ ራስ አውርዶ ነበር ፊታቸውን የሣለው፤ ለሰባቱም አንድ ፊት። «የአንቺ የመንደር ፊት ነው፤ ሰማይ ቤት አፍንጫ ቀጥ ይላል» ብሏት ነበር። በዚያን ጊዜ ተቀይማው ነበር። ወደ ብሪዮል ከተመለሰች ወዲህ ግን ስለዚያ የጀሶ አፍንጫ እግዚአብሔርን ያላመሰገነችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መመለሱም ቢሆን መመለስ አልሆነላትም። ፓሪስ ሳለች የገጠሯ ልጅ ነበረች፤ እዚህ ደግሞ «የፓሪሷ» ትባላለች። እንደ ተውሶ ጫማ እዚያ ጠበባት፣ እዚህ ሰፋት። የያዛት ነገር ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱም ራሱ በክር ላይ ያለ ነው፤ ሴት መነኮሳቱ ሲያስተምሩበት የኖሩትን መንግሥት ወስዶ እንደ እሷ ላሉት ከሰጠ ገና መንፈቅ አልሞላውም። የደብሩ ቄስ አባ ጉዮ በየሰንበቱ «ያለ አምላክ የሚያስተምሩት» እያሉ ይሰብካሉ። አንዲት ጥፋት፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው የሚጠብቁት። ያች ነጥብ አሁን በበሬ ጋሪ ተጭና መጣች።

በማግሥቱ ከንቲባው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ማደሞዜል ኦዲል፣ የመጣውን ነገር አይተውታል?»

«አላየሁም፣ ሙሴ ላርደን።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ማታ እራት አልበላሁም። ባለቤቴ ታመምክ ወይ አለችኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መንግሥት የሰጠውን መመለስ አይቻልም። ከፋሲካ ማግሥት ሰኞ ይመረቃል። ታዲያ እነዚህ ሴቶች ሴቶች እንዳልሆኑ፣ ከዋክብት እንደሆኑ ለሕዝቡ የሚያስረዳ የተማረ ሰው ያስፈልገኛል። ፓሪስ ኖረዋል፤ ያውቁበታል።»

«በምን ነው የማውቅበት?» አለች ኦዲል።

«በትምህርት ነዋ! በምን ይሆናል?»

እምቢ ማለት ፈለገች። ግን እምቢ ያለ ሰው «ለምን?» ይባላል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሄደች። ሸራው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስታየው የተሰማት ኀፍረት አልነበረም፤ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ አንገቷ ላይ የሚተነፍስ መሰላት። ሰባት ጊዜ እሷው ነበረች። አንዱ ጎኗ፣ ሌላው ጎኗ፣ ወገቧ፣ የተረከዟ ጅማት። በመካከል፣ ክንዷን ወደ ላይ የዘረጋችው ሴት ጀርባ ነበር። መስተዋት አሳይቷት የማያውቀውን ያን ጀርባ ስታየው ግን ትከሻዋ አወቀው፤ እዚያው ቆማ ማመም ጀመረ።

«ሰባት ሴት፣ አንድ ቀሚስ የለም» አለ ድምፅ።

ኦዲል ዘለለች። ፊርሚን ናት፤ ልብስ ተኳሿ ፊርሚን ቦዳን፣ የልጅነት ጓደኛዋ። ሥዕሉ እስኪመረቅ የሚሸፈንበትን አንሶላ ልትለካ መጥታ፣ ክንዷ እስከ ክርኑ ከካውያ ሙቀት ቀልቶ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ሰማይ ቤት እንግዲህ ለእኔ ሥራ የለም ማለት ነው» አለች ፊርሚን። «ብሞት ምን እተኩሳለሁ? ደመና? ደግሞ እያቸው፣ ብርድ አይነካቸውም?»

ኦዲል «ምድጃው ከኋላ ነበር» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ጥርሷን ገጠመች። ደንግጣ ወደ በሩ ዞር ስትል ማንም አልነበረም።

«ምነው? ፊትሽ እንደ አንሶላዬ ነጣ።»

«ምንም። ሽታው ነው፤ የቀለሙ ሽታ።»

«የተማረ አፍንጫ!» ፊርሚን ሳቀችና ሜትሯን ዘረጋች። በሰኔ ወር ኮርቻ ሰሪውን አንሴልምን ልታገባ ነው፤ በዚያ ሰሞን የማያስቃት ነገር አልነበረም። ፊርሚን ቀጥ ያለ አፍንጫና ዝቅ ያለ ግንባር ነበራት። ኦዲል ከሥዕሉ ለመሸሽ የጓደኛዋን ፊት ስታይ የምታውቀው ነገር ያየች መሰላት፤ ግን ያን ጊዜ የምትፈራው ለራሷ ስለነበር ያየችውን አላስተዋለችውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። የብሪዮል ሰው ሥዕል ሲያይ «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ማን ነው?» ይላል። በደብራቸው ግድግዳ ላይ የፍርድ ቀን ተሥሏል። ጥንት የሣለው ሰው እዚያው አገር ሲበላ ሲጠጣ ኖሮ፣ ለቅድስት ሐና የወፍጮ ቤቷን እመቤት ፊት ሰጣት፤ መንሹን ለያዘው ዲያብሎስ የቀረጥ ሰብሳቢውን። የቀረጥ ሰብሳቢው የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ «ዲያብሎሶቹ» ይባላሉ፤ ስማቸውን ለማስለወጥ ያወጡት ጉልበት አገር ያቀና ነበር። እና በብሪዮል የተሣለ ፊት ሁሉ ባለቤት አለው። ኦዲል ይህን ከጡት ጋር ጠብታው ነበር፤ ፓሪስ አስረሳት።

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ሞላ። አባ ጉዮ አልመጡም፤ የቤት ሠራተኛቸው ማዳም ኮርቤ ግን ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ከንቲባው ስለ ሪፐብሊኩ ረዘም አድርገው ተናገሩና ገመዱን ሳቡ። አንሶላው አልወረደም። ደግመው ሳቡ። ከላይ ሚስማር ይዞታል።

«ማደሞዜል ኦዲል፣ እርስዎ ረጅም ነዎት። እስቲ ከመድረኩ ጫፍ ቆመው ክንድዎን ዘርግተው ያላቅቁልን።»

ኦዲል መድረኩ ላይ ወጣች። አንሶላው ስር መካከለኛዋ ያለችበትን ቦታ ታውቀዋለች። ቀኝ ክንዷን ብታነሳ፣ አንጓዋን ወደ ኋላ ብትሰብር፣ ጨርቁም በዚያች ቅጽበት ቢወርድ፣ ሁለቱ ጀርባዎች ጎን ለጎን ሊቆሙ ነው። ላብ በወገቧ ወረደ። የሕዝቡ ዓይን አንገቷ ላይ ነበር።

«ትከሻዬን ያመኛል» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ፊርሚን፣ አንሶላው ያንቺ አይደል? አንቺ ነይ።»

ፊርሚን እየሳቀች ወጣች። በእግር ጣቷ ቆማ ክንዷን ዘረጋችና ጨርቁን ከሚስማሩ አላቀቀችው። አንሶላው ተንሸራቶ ወረደ። ፊርሚንም እጇን እንደ ዘረጋች፣ ሥራዋ አምሮላት ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰች። በላይዋ ሰባት ጊዜ ያው ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ያው ዝቅ ያለ ግንባር ነበር።

ከኋላ እንቁላል ሻጯ እማማ ጊልማን፣ ዓይናቸው ደካማ ነውና፣ ጮክ ብለው ጠየቁ፦

«ማን ናት?»

«የእኛዋ ፊርሚን አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ።

መጀመሪያ ሳቁ። ፊርሚንም ሳቀች። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ነገሩ ትዝ እንዳላት ሰው፣ «ለዓለም ኤግዚቢሽኑ ጊዜ ፓሪስ ሄዳ አልከረመችም?» አለች። ሳቁ እንደ ነፋስ መብራት ጠፋ። ኮርቻ ሰሪው አንሴልም ከወንበሩ ተነሥቶ ሥዕሉን አየ፣ ፊርሚንን አየ፣ ባርኔጣውን አደረገ።

«ፊቱ የማንም አይደለም» አለች ኦዲል ፈጥና። «ሠዓሊዎች ፊት ከሰው አይወስዱም። ከጀሶ ነው የሚገለብጡት። ገላው ከአንዷ፣ ፊቱ ከሐውልት...»

«በምን ያውቃሉ፣ ማደሞዜል?» አለች ማዳም ኮርቤ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ ነው የጠየቀችው።

ኦዲል ሁለት መቶ ፊት አየች። «ከመጽሐፍ አነበብኩ» አለች።

«ስለ ራቁት ሴት የሚያስረዳ መጽሐፍ? በትምህርት ቤቱ ነው ያለው?»

ጉርምርምታ ተነሣ። ኦዲል ከመድረኩ ወረደች። ከንቲባው ፈጥነው ወይን ጠጅ እንዲቀዳ አዘዙ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ኦዲል የፈራችው ግን በሯን አልፎ ጎረቤት ገባ። ማዳም ኮርቤ የደብሩን የመሠዊያ ልብስ ከፊርሚን ቤት ሰብስባ ወሰደች። ቀጥሎ የሐኪሙ ቤት፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። አንሴልም ስለ ሰኔ የሚጠይቀውን ሁሉ «የምን ሰኔ?» ማለት ጀመረ። ኦዲል ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሌላ መንገድ ትዞራለች። ሰዎች ሲሰባሰቡ ካየች ልቧ ይመታል፤ የሚያወሩት ስለ ፊርሚን መሆኑን ስትሰማ መተንፈስ ትችላለች። እንዲህ መተንፈስ መቻሏ ደግሞ ራሱ ያስፈራት ነበር።

የግንቦት መባቻ ደረሰ። በዚያ አገር በዚያች ሌሊት ጎረምሶች በየሴት ልጁ ደጅ ቅርንጫፍ ያስራሉ። ያከበሯትን በነጭ አበባ፤ ያሟትን በሚገማ ቅጠልና በእሾህ። ማንም ስም አይጠራም፤ ሲነጋ ከተማው ሁሉ ያነብበዋል። ኦዲል በሯን ስትከፍት ነጭ አበባ ፊቷን ነካት። በብሪዮል ከታሰሩት ሁሉ ያማረው የእሷው ነበር። በጥሳ ከምድጃው ውስጥ ከተተችውና ወደ ፊርሚን ቤት ሄደች፤ እግሯ ከእሷ ቀድሞ የወሰነ ይመስል።

የፊርሚን በር እሾህ ለብሷል። ፊርሚን አላነሣችውም፤ ከስሩ ጎንበስ ብላ ገብታ ወጥታበታለች። ውስጥ እንፋሎት ሞልቷል። የራሷን ሸሚዞች እየተኮሰች ነበር።

«ያንቺ ምን አበባ ነው?» አለች ሳትዞር።

ኦዲል በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ነጭ ነው አይደል? የፓሪሷ።» ካውያውን አገላበጠች። «ፓሪስ ለኤግዚቢሽኑ ከአክስቴ ጋር ነው የሄድኩት። ያየሁት ዝሆንና የእግሬን ውኃ መቋጠር ነው። ይህን ለአንሴልም ብነግረው አልሰማኝም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይሰሙሻል። ሥዕል እንዴት እንደሚሣል ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸው ነበር እኮ።»

«እየፈራሽ ነው የነገርሻቸው። ከጎንሽ ቆሜ አየሁሽ፤ እንደ ሌባ ነበርሽ። እየፈሩ የተናገሩት እውነት ማን ያምነዋል?» ዞረች። «ቆይ፣ አንቺ ምን አስፈራሽ? የሚያሙት እኔን ነው። አንቺን ምን አገባሽ?»

ኦዲል ቀኝ ክንዷን አነሣች። ከራሷ በላይ ዘረጋችው፣ አንጓዋን ወደ ኋላ ሰበረችና በቀስታ ጀርባዋን ሰጠቻት። ትከሻዋ ጮኸ። እንዲያ ሆና ግድግዳውን እያየች ቆየች። ከኋላዋ የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ።

«ሰባቱም?» አለች ፊርሚን በመጨረሻ።

«ሰባቱም።»

«እኔስ?»

«ፊቱ ጀሶ ነው፣ ፊርሚን። እውነቴን ነው። አንቺን አይቶሽም አያውቅ።»

«አይደለም። አሁን ፊቱ የእኔ ነው።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሠዓሊው አልሰጠኝም፤ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። 'ትከሻዬን ያመኛል፤ አንቺ ነይ' አልሽኝ። እኔም ስቄ ወጣሁ።» ካውያውን ከተቃጠለው ሸሚዝ ላይ አነሣች። ቡናማ ቅርጹ ቀርቷል። «ሂጂ አሁን። ልብስ ታቃጥይብኛለሽ።»

በማግሥቱ ኦዲል ከንቲባው ዘንድ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ሌሊቱን ቃሎቹን ስትደረድር አድራ ነበርና ሳትንተባተብ ጨረሰች። ሙሴ ላርደን ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፤ ቀጥለው በሩን። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። እሷ ብቻ አልነበረችም የምትፈራው።

«ይህን ለማን ነግረዋል?»

«ለፊርሚን።»

«እኔ አልሰማሁም። ይግባዎት፣ ማደሞዜል፤ አልሰማሁም። የትምህርት ቤታችን መምህርት እዚያ ላይ ተሰቅላ... አባ ጉዮ በአንድ ሳምንት መነኮሳቱን ይመልሷቸዋል። ስልሳ ልጆች አሉ፤ እርስዎን አምነው ሴት ልጃቸውን የላኩ ሰዎች አሉ።»

«ፊርሚንስ?»

«ልብስ ተኳሽ ስሟ ቢጠፋ ሌላ አገር ሄዳ ልብስ ትተኩሳለች። ትምህርት ቤት ስሙ ከጠፋ ይዘጋል።» መሐረባቸውን አወጡ። «ደግሞም ሄዳለች። በጠዋቱ ባቡር። ጣቢያ ላይ ሰላም ስላት አልመለሰችልኝም።»

ኦዲል ሮጣ ሄደች። የፊርሚን በር ተቆልፏል፤ እሾሁ ደርቆ እንደ ተሰቀለ ነው። እማማ ጊልማን ከጎረቤት ደጅ ተቀምጠው እንቁላል ይጠርጋሉ።

«ሊሞዥ አክስቷ ዘንድ ነው የሄደችው። ልጄ፣ አንቺ ነሽ ወይ፣ የፓሪሷ? እግዜር ይስጥሽ፤ ያን ቀን ስለሷ የተናገርሽላት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ኦዲል የአክስቲቱን አድራሻ ከእሳቸው ተቀበለች። ማታውኑ መጻፍ ጀመረች። ይቅርታ የሚለውን ጻፈችና ሰረዘች፤ ስለ ከንቲባው ጻፈችና ሰረዘች። እውነቱን ለመናገር ፈቃድ የምትለምነው ለፊርሚን ብላ ይሁን፣ ወይስ «አትናገሪ» እንድትላት ፈልጋ ይሁን፣ አልለየላትም። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦

«ፊርሚን፣ አንዲት ቃል ብቻ ጻፊልኝ። 'ተናገሪ' ካልሽኝ፣ በገበያው ቀን ከሥዕሉ ስር ቆሜ በከተማው ሁሉ ፊት ክንዴን አነሣለሁ። ኦዲል።»

በማለዳ ወርዳ ከፖስታ ሣጥኑ አፍ ላይ ያዘችው፤ ጣቷ አልለቀው አለ። ከዚያ ለቀቀችው። ሲወድቅ ሰማችው።

የፖስተኛው ደወል በትምህርት ቤቱ መንገድ በተሰማ ቁጥር እጇ ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ደወሉ ይቀርባል፣ ያልፋል፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይወጣል። ክንዷን ከራሷ በላይ አታነሣምና በሰሌዳው ታችኛ ግማሽ ላይ ብቻ ነው የምትጽፈው፤ የላይኛው ደብዳቤውን ከላከችበት ጊዜ ጀምሮ ባዶ ነው። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ ወጣ። ከሊሞዥ ምንም አልመጣም።